«መጀመሪያ ወደ ላይ እዩ»፦ ግቢ ውስጥ ስላሉ ትልልቅ ዛፎች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሽሮ ሜዳ፦ አያቴ የተከሉት ባህር ዛፍ ከቤቱ በላይ ሄዷል፣ ክረምት ሲመጣ እንቅልፍ የለንም። ግማሹ ላይ ብናስቆርጠውስ?

ይሄ ጥያቄ ሳይመጣ የቀረበት ሳምንት የለም። ባህር ዛፍ አናቱ ሲቆረጥ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል፣ አዲሱ ቅርንጫፍ ግን ከቅርፊቱ ስር ስለሚነሳ ከእንጨቱ ጋር በደንብ አልተያያዘም፣ ዓመታት ቆይቶ ሲከብድ ይገነጠላል፣ የተቆረጠውም ቦታ ይበሰብሳል። ወይ ባለሙያ የከበደውን እየመረጠ ያቅልለው፣ ያውም ባንዴ ከሩብ በላይ ሳይነካ፣ ወይ ከነጭራሹ ይነሳ።

ከኮተቤ፦ መቼ ላስቆርጥ?

በበጋ። ሰኔ ላይ ደንግጠሽ እንዳትደውዪልኝ፣ ግንዱም ያዳልጣል።

ከሳሪስ፦ የተቆረጠበትን ቀለም ልቀባው?

አትቀባ፣ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል። ቀለሙን ለበሩ አድርገው።

ከአየር ጤና፦ የኛ ግራቪሊያ ኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተኝቷል። ሰፈር ውስጥ በባዶ እግሩ የሚወጣ ጎበዝ ልጅ አለ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው። ቆጣሪ አጥፍተን እኛ ከታች ገመድ ብንይዝለትስ?

ቆይ ወንድሜ፣ ቆይ። መጀመሪያ ወደ ላይ እዩ እያልኩ ስንት ጊዜ ልለፍልፍ? ቆጣሪ ስታጠፋ የሚጠፋው የቤትህ መብራት ነው፣ ውጪ ያለው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪኩ እንዳለ ነው። እርጥብ ቅርንጫፍ ደግሞ ያስተላልፋል፣ ላይኛው የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ከሆነማ መንካትም አያስፈልግም መቅረብ ይበቃል። ላስቲክ ለብሷል አትበለኝ፣ ፀሐይ ሰነጣጥቆታል። ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውል፣ መስመሩን እነሱ ያቋርጡት፣ ከዛ በፊት ማንም አይወጣም። ዘገዩ ብለህም አትጀምር፣ ደግመህ ደውል።

እሺ ሽቦው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ተቋረጠ እንበል። ግራቪሊያ ቅርንጫፉ ተሰባሪ ነው፣ ልጁ ደግሞ ገመዱን ብዙ ጊዜ እዛው ሊቆርጠው ቅርንጫፍ ላይ ነው የሚያስረው፣ አይቻለሁ እኮ። እናንተም ከታች ገመዱን እጃችሁ ላይ ትጠመጥማላችሁ፣ እርጥብ እንጨት አንድ ሜትር ኩብ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል፣ ማን ማንን እንደሚጎትት አስቡት። መሰላልም ይቅር፣ ጫፉ ተቆርጦ ሲወድቅ የቀረው ቅርንጫፍ ክብደቱ ስለሚቀልለት ወደ ላይ ይነሳል፣ የተደገፈው መሰላል ከነሰውዬው መሬት ነው። የሚያውቅ ሰው ቤልት፣ ሄልሜትና የራሱ ገመድ አለው፣ ትልቅ ቅርንጫፍ ከሆነም መጀመሪያ ከስር ትንሽ ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ወጣ ብሎ ከላይ፣ የቀረውን በመጨረሻ ግንዱ ላይ እብጥ ካለው ቦታ ወጣ አድርጎ ያስተካክላል፣ እንዲህ ካልሆነ ቅርፊቱን እየገሸለጠ ይወርዳል። ረከስ ያለው ዋጋ ልጁ ቢወድቅ ሆስፒታሉንም ይጨምራል ወይ? እናቱ ጎረቤትህ ናት።

ከቢሾፍቱ፦ ለአጥር ስንቆፍር የዋርካ ሥር አገኘን፣ በመጥረቢያ ብንበጥሰውስ?

ግንዱ አጠገብ ከሆነ አትንኩት፣ እሱ እኮ የድንኳኑ ገመድ ነው። አብዛኛው ሥር ጥልቅ አይደለም፣ እላይ ነው ያለው፣ ባንድ ጎን ከቆረጣችሁት በሚቀጥለው ነፋስ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። አጥሩን ፈቀቅ አድርጉት ወይ ግንበኛው ከሥሩ በላይ በቢም ያሻግረው። ስትቆፍሩም ወደ ላይ እዩ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ይሆናል።

ከጉለሌ፦ የሐበሻ ጽዳችን ደርቋል፣ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ወረዳ ጠይቂ፣ ደረቅም ቢሆን። ፎቶ አንስተሽ ሂጂ።

ከለገጣፎ፦ ጉቶው ላይ ጨውና ናፍጣ ባፈስ ይሞታል?

አፈሩ ነው የሚሞተው። ቡቃያውን ለጋ ሳለ ሳትሰለች ቀንጥሰው፣ ጉቶው ቀስ በቀስ ይደክማል።

ከእንጦጦ፣ አንዲት እናት፦ የትልቁ ዛፍ ሥር ላይ እንጉዳይ በቅሏል፣ ወደ ቤቱ ዘንበል ብሏል፣ በወዲያ በኩል መሬቱ ተሰንጥቋል። ልጄ ግን ሁሌም እንዲህ ነበር ይላል።

እማማ፣ መሬቱ ሁሌም አልተሰነጠቀም። ዛሬ ማታ በዛ በኩል ያለው ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ፣ ልብስም ከስሩ እንዳያሰጡ። ልጅዎም በገመድ ሊያቃናው እንዳይሞክር፣ ጠዋት ባለሙያ ይምጣና ይየው።