አሬይ ስትልኩ ርዝመቱንም ላኩ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተማሪዎች።

በሲ የፕሮግራም ቋንቋ አሬይ (አንድ ዓይነት እሴቶች በተርታ የተቀመጡበት) ለፋንክሽን (በስሙ ለሚጠራ የኮድ ክፍል) ስንሰጥ ርዝመቱ አብሮ ይሄዳል? አይሄድም። ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው እዚህ ጋ ስለሆነ ዛሬ ረጋ ብለን እንየው።

ሜይን (ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ፋንክሽን) ውስጥ አሥር ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) የያዘ አሬይ አለን እንበል። በአብዛኞቻችን ላፕቶፕ አንድ ኢንቲጀር 4 ባይት ነው። መጠንን በባይት የሚነግረን ሳይዝኦፍ የአሬዩን መጠን 40 ይለናል፤ ለ4 ስናካፍለው 10። ልክ ነው። አሁን ይችኑ ርዝመቱን የምታሰላ መስመር ኮፒ አድርገን አሬዩን የሚቀበለው ፋንክሽን ውስጥ እንለጥፋት። መልሱ 2 ይሆናል! ወደ ፋንክሽኑ የገባው የመጀመሪያው ቁጥር አድራሻ፣ ማለትም ፖይንተር ብቻ ነዋ። ፖይንተር ደግሞ በ64 ቢት ማሽን 8 ባይት ነው። ፋንክሽኑ ውስጥ ቁጥሮቹን በተራ የሚደምር ሉፕ ካለ፣ ሁለት ቁጥር ደምሮ ያቆማል። ፕሮግራሙ አይቋረጥም፣ ኤረርም አያወጣም። የተሳሳተውን ድምር ይሰጣችሁና ዝም ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ዝምታው ነው።

ፓራሜትሩ (ፋንክሽኑ የሚቀበለው ነገር የሚጻፍበት) ላይ በቅንፍ 10 ብላችሁ ብትጽፉም ሳይዝኦፍ ያው 8 ነው የሚላችሁ። ደግነቱ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) በእንዲህ ያለ ፓራሜትር ላይ ሳይዝኦፍ ሲያይ ዋርኒንግ ያወጣል። እባካችሁ ዋርኒንግ አትለፉ።

የሲ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1990 ርዝመቱን ይዞ የሚዞር ፖይንተር ወደ ቋንቋው እንዲገባ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አልገባም። ስለዚህ ርዝመቱን በሁለተኛ ፓራሜትር መላክ የእኛ ሥራ ነው። የሚሰላውም አሬዩ በተፈጠረበት ቦታ፣ ገና አሬይ እያለ ነው። ስትሪንግ (የፊደላት አሬይ) ብቻ ለየት ይላል፤ መጨረሻው ላይ ዜሮ ስላለ እስከዚያ ድረስ መቁጠር ይቻላል።

ርዝመት መላክ ብቻውን ግን አይበቃም። ቁጥሩን የነገረን ማነው? እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕንኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥር ሶፍትዌር) ላይ የተገኘውን ሃርትብሊድ የተባለ የደህንነት ክፍተት አስታውሱ። ከውጭ የመጣ መልእክት «ርዝመቴ ይህን ያህል ነው» ሲል ኮዱ ሳያጣራ አመነው። አጥቂው አንድ ባይት ልኮ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሰርቨር ሜሞሪ መውሰድ ይችል ነበር። የይለፍ ቃልና የግል ቁልፍ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ይህ የሰው ምስጢር ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ ላብ ስትገቡ ኮዳችሁን ክፈቱ። አሬይ የሚቀበለውን እያንዳንዱን ፋንክሽን እዩት፤ ርዝመቱን ይቀበላል? ቁጥሩስ ከየት መጣ? የተጠራጠራችሁትን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።

አመሰግናለሁ።