ነገርካቸው?

እ... ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ ሙዚቃ የለም፣ መግቢያውንም ትቼዋለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ የሚሰማችሁ ድምፅ ቬንትሌተሩ ነው፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ላጠፋው አልቻልኩም። ፍየሏ ደህና ናት፣ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ እንዲያውም ወልዳለች።

እሺ። ማክሰኞ እለት እድራችን ጋ እንግዶች ይመጣሉ ብያችሁ አልነበር፣ ለጎርፍ ዝግጁነት ለሰፈር ማህበራት ገንዘብ የሚሰጡት። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። የሀዘን ድንኳኑን ተክለን ሌላ ስለሌለን እዛው ስር ተቀመጥን፣ ቡና ተፈላ። እንግዳዋ ጥሩ ሰው ናት፣ ከልቧ ነው የምታዳምጠው፣ እሷን ለማማት አይደለም የማወራው። "ጎርፍ ሲመጣ ሰዉ በምን ያውቃል?" ብላ ጠየቀች። ገንዘብ ያዣችን፣ የሳምቡሳዋ እማማ፣ ጡሩምባውን ከጎናቸው አንስተው አሳይዋት።

ይሄ ጡሩምባ ለሞት ነው የሚነፋው አይደል፣ በሌሊት ሰፈሩን እየዞረ፣ እገሌ አርፏል ለቀብር ውጡ እየተባለ። መጀመሪያ ላይ ለጎርፍም እንጠቀምበት ስንል የተጨቃጨቅነው ጭቅጭቅ! ሰው ጡሩምባ ሲሰማ "ማን ሞተ?" ብሎ ነጠላውን ይፈልጋላ፣ ደቂቃው በነጠላ ፍለጋ ያልቃል። በመጨረሻ ተስማማን፣ ለሞት ረጅም፣ ለጎርፍ አጭር አጭር ሳይቋረጥ። ህፃናቱ ናቸው ቶሎ የለመዱት፣ አሁን በአፋቸው እየነፉ ይጫወቱበታል።

ደግሞ ላይ ተራራው ጋ፣ ደንገጎ በኩል አንድ ሰው አለን። ደቻቱ፣ ከተማችንን የሚያቋርጠው ወንዝ፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ እኮ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ አቋርጦት ይሄዳል፣ ውሃ አለው ብሎ የሚያስብ የለም። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ ተራራው ላይ ነው፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ጎርፉ ይደርሳል። ስለዚህ ሰውየው ከላይ ሲከብድ ይደውላል፣ እድሩ በወር የ100 ብር ካርድ ይሞላለታል። በቃ ሲስተሙ ይሄ ነው።

በ98 ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ያ ጎርፍ ሲመጣ፣ ይሄ ቢኖር... እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ የማስታውሰው ድምፁን ነው፣ ባቡር መስሎኝ ነበር፣ የባቡር ከተማ ልጅ ሌላ ምን ይመስለዋል። ሌሊት ነው፣ ሰው በተኛበት። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሰርቷል፣ አልካድኩም፣ ግን ግንቡ ሰው አይቀሰቅስም አቦ።

ምን ላይ ነበርኩ... አዎ፣ እማማ። ደብተሩን አወጡ። ሰማያዊ ልባስ ያለው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ። በፊት ገጹ የወር መዋጮ፣ ከኋላ ገልብጠው ደግሞ መሄድ የማይችል ማን ወንዙ ዳር እንደሚተኛ፣ ማን ሄዶ እንደሚያነሳው፣ እሱ ባይኖር ማን እንደሚተካው። አንድ ስም ላይ መስመር ተሰምሯል፣ ባለፈው ያረፉት ሽማግሌ ናቸው። እንግዳዋ ፎቶ አነሳችው። አብሯት የመጣው ልጅ ግን፣ የአዲስ አበባው፣ "ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ኦዲት የተደረገ የሦስት ዓመት ሪፖርት ያስፈልጋል፣ ደረሰኝም" አለ። ፎርሙ ላይ ትንሹ የሚጠየቀው ገንዘብ ራሱ እኛ ከምንፈልገው ብዙ እጥፍ ነው። እኛ የፈለግነው ካርድ፣ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜጋፎን።

እማማ ዝም አሉ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ "ለሞተው ስናዋጣ ደረሰኝ የጠየቀን የለም። ሰው እንዳይሞት ስንል ነው እንዴ የምንጠየቀው?"

እንግዳዋ ወደኔ ዞረች። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? "ዶክመንቴሽናቸውን እንደሚያሻሽሉ እየተናገሩ ነው" አልኩ። በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጌ።

ለምን እንደዛ አልኩ? ገንዘቡ እንዳይቀር ነው ለራሴ የምለው፣ እውነትም ነው መሰለኝ፣ ግን ሴትየዋ እኮ ብትሰማው ኖሮ... አላውቅም። ልትጽፈው ትችል ነበር። ዓለም አቀፍ ለጋሾቹ ራሳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ኢስታንቡል ላይ ከሰብዓዊ እርዳታው 25 በመቶው በ2020 በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር ውስጥና ለአካባቢ ተቋማት ይድረስ ብለው ተስማምተው፣ ሳይደርስ ነው ዓመቱ ያለፈው። ለምን እንዳልደረሰ በየስብሰባው ይጠያየቃሉ። መልሱ ድንኳኑ ውስጥ፣ በአማርኛ፣ እኔ ጆሮ ላይ ነበር።

ልጁንም አልፈርድበትም፣ እሱም አለቃ አለው፣ ደረሰኝ ካላመጣ እሱ ነው የሚጠየቀው። የእድር ብር ተበልቶ የተጣላ ሰፈርም አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጥጥር አይኑር አላልኩም... ግን የ100 ብር ካርድ በምን ኦዲተር?

ይሄን ሁሉ ትታችሁ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እማማ እጄን ያዙኝ፣ እጃቸው የቡና ሲኒው ሙቀት አለበት፣ "ነገርካቸው?" አሉኝ። "አዎ፣ ነገርኳቸው" አልኳቸው። "ጎበዝ ልጄ" ብለው ሦስት ሳምቡሳ በወረቀት ጠቀለሉልኝ።

ኢሜይል ጀምሬያለሁ ለእንግዳዋ። አራቴ ጻፍኩት አራቴ አጠፋሁት፣ በእንግሊዝኛ ሳስቀምጠው ወይ ስድብ ይሆናል ወይ ልመና ይሆናል፣ እማማ ያሉበት ድምፅ አይመጣም። ደግሞ ያን ቀን ዋሸሁ ብዬ ልጀምር ወይስ...

እሁድ የእድር ስብሰባ አለ። እማማ ደብተሩን ይዘው ይመጣሉ፣ "መልስ መጣ ወይ?" ማለታቸው አይቀርም፣ እኔ ደግሞ... ቆይ፣ መብራት ሄደ መሰለኝ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ...