ከአምስት ስንት?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የመግቢያውን ሙዚቃ አላስገባሁም፤ የጎረቤቴ ዶሮ ከጮኸም እንደተለመደው ታገሡት። ባለፈው ክፍል ስለዚያ የሙዚየም ጎብኚዎች መጠይቅ ጀምሬ በመሐል ማቋረጤን አስተውላችሁ፣ በቅጽል ስሜ ጠርታችሁ «ሰንጠረዡ፣ ምን ደበቅኸን?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። የደበቅሁት አንዲት ቁጥር ናት፤ አምስት ቁጥር።

መስቀል አደባባይ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መውጫ ላይ ቆሜ ነበር። ሙዚየም ለአካባቢው ሰው የስሜት ደኅንነት ምን ይጠቅማል የሚለውን ለማወቅ ጎብኚዎችን ቅጽ አስሞላለሁ። ጥያቄዎቹን ያረቀቅሁት ራሴ ስለሆንሁ በማንም ላይ አላሳብብም። መነሻ ያደረግሁት በለንደን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡትን መለኪያ ነው፤ በጃንጥላ ሥዕል ላይ ስድስት ስሜቶች ይሰፍሩና ጎብኚው ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ቀለም ቀብተው፣ የጥንት ዕቃ ዳስሰው ለሚወጡ ሰዎች መልካም መለኪያ ይመስለኛል። እኔ ግን «ደስታ ተሰምቶኛል» የምትለዋን መስመር መርጬ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም በመስታወት ውስጥ ከተቀመጠበት ቤት ደጃፍ ላይ ይዣት ቆምሁ።

አንዲት እናት ወጡ። ቅጹን ስዘረጋላቸው «መነጽሬን ረስቻለሁ ልጄ፤ አንተው አንብብልኝ» አሉ። አነበብሁላቸው። ዕድሜያቸውን ነገሩኝ፤ ስንተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ኧረ ብዙ ነው» ስላሉ «ከ3 በላይ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረግሁ። ቀጥዬ፣ ድምፄን እንደ ዜና አንባቢ አስተካክዬ፣ «ከጉብኝቱ በኋላ ደስታ ተሰምቶኛል፤ ከአምስት ስንት ይሰጣሉ?» አልኋቸው።

ዝም አሉ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ከዚያ እኔን ሳይሆን የያዝሁትን እስክሪብቶ እያዩ፣ «ስንት ብልህ ይሻልሃል?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቅጹን አጥፌ ኪሴ መክተት ነበረብኝ። እኔ ግን «እንደተሰማዎት ነው እማማ፤ ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል መልስ የለውም» አልሁ። እሳቸውም «እንግዲያው አምስት አድርገው፤ በሥራህ ጣጣ እንዳይመጣብህ» አሉኝ። እኔም አምስት ጻፍሁ። አመሰገንኋቸው እንኳ።

ይህን ነገር በብዙ መንገድ ላስረዳላችሁ እችላለሁ። ይሉኝታ ነው ልበል፤ ጠያቂ ፊት ለፊት ቆሞ እያየ ክፉ ነጥብ መስጠት ነውር በሆነበት አገር ከ1 እስከ 5 የሚለው ሚዛን ከ4 ነው የሚጀምረው። ጥናታችን ውስጥ ካሉት አምስቶች ስንቶቹ ለእኔ የተሰጡ ምጽዋት እንደሆኑ ማን ያውቃል? ነገር ግን እንቅልፍ የነሣኝ ይሉኝታው ብቻ አይደለም።

አስጎብኚው፣ ራሱም ከዚያ ዘመን እስር ተርፎ የወጣ ሰው ነው፣ በኋላ እንደነገረኝ ሴትዮዋ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይመጣሉ፤ ግድግዳውን ከሞሉት ፎቶግራፎች መካከል በአንዱ ፊት ይቆማሉ፤ ወንድማቸው ነው። በ1969 እና በ1970 ልጃቸው የተገደለባቸው ብዙ ቤተሰቦች አስከሬን አልተሰጣቸውም፤ ማልቀስም ተከልክለው ነበር። ሙዚየሙ በ2002 የተከፈተው በሰማዕታት ቤተሰቦችና በተረፉት ሰዎች ጥረት ነው፤ ያ አደባባይ ደግሞ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረበት ጊዜ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን የከሰከሱበት ነው። እዚያው ቦታ ላይ አንድ ሰው መቃብር ለሌለው ወንድሙ እርሙን ሲያወጣ፣ እኔ ደጃፍ ላይ ሆኜ ደስታውን እለካለሁ። «ከ3 በላይ» ያልሁት ሣጥን ውስጥ ስንት ግንቦት እንደገባ አስቡት።

ቁጥር አይረባም እያልሁ ግን አይደለም፤ ታውቁኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ የታተመ፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 6,710 ሰዎች እስከ 14 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ በየጥቂት ወሩ ሙዚየም፣ ቴአትር ወይም ኮንሰርት የሚሄዱት የመሞት ዕድላቸው ከማይሄዱት በ31 በመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ሀብትና ጤና ከግምት ገብተዋል፤ ቢሆንም ሙዚየሙ ዕድሜ ሰጣቸው ወይስ ዕድሜ ያላቸው ናቸው ሙዚየም የሚሄዱት የሚለው በእንዲህ ዓይነት ጥናት ብቻ አይቋጭም። እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ ያልቀረበ ሙዚየም ደግሞ በጀት ሲጠይቅ የሚሰማው የለም። ስለዚህ ቅጹን ማን ይተወዋል? እኔ አልተውሁትም፤ ይኸው ሦስት ጊዜ አሻሽዬዋለሁ።

አንደኛው ማሻሻያ «ደስታ» የሚለውን አውጥቶ «እፎይታ» አለ። እሱም ያው ነው፤ «እፎይታዎ ከአምስት ስንት?» ሊባል ነው። ሁለተኛው ጥያቄውን ትቶ ጎብኚው ከወጣ በኋላ ደረጃው ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቀመጥ ይቆጥራል፤ ይህን ለአስጎብኚው ስነግረው ሳቀና «ፀሐይ ካለ ማንም ይቀመጣል» አለኝ። ልክ ነው። ሦስተኛውን... ሦስተኛውን ባላነብላችሁ ይሻላል፤ አፍሬበታለሁ።

ዶሮው ጀመረ፤ ሰማችሁት?

የሴትዮዋን ቅጽ ከመዝገቡ ላወጣው ነበር፤ መልሱ የእሳቸው አይደለምና። ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ ግን ለመሰረዝ ከበደኝ፤ በዚያ ቤት በር ላይ የተሰጠን መልስ ማጥፋት... እንጃ። ብተወው ደግሞ አማካዩን ከፍ ያደርገዋል፤ «ጎብኚዎች ተደስተዋል» ተብሎ ይነበባል። እስካሁን እንዳለ ነው። ግንቦት ሲመጣ እዚያ ልሂድ እላለሁ፤ ቅጽ ሳልይዝ። ብቻ ካገኘኋቸው ምን ብዬ...