የጥምቀት እንግዳ ከመምጣቱ በፊት የኤሲውን ፊልተር እዩት

ጤና ይስጥልኝ! የፔንሲዮንና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች፣ ክፍል የምታሰናዱ እህቶች፣ ኤሲ የምትገጥሙ ወንድሞች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ጥምቀት ደርሷል። ለከተራ ጎንደር ውስጥ ባዶ አልጋ ማግኘት እንዴት እንደሚያስቸግር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የጥር ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። እንግዳው ገብቶ ሪሞቱን ያነሳል፣ ኤሲውን እንዲያሞቅ ያዘዋል፣ ይጠብቃል። ክፍሉ አይሞቅም። ከዚያ "ጋዝ አልቋል" ይባላል፣ ባለሙያ ይጠራል፣ ብር ይወጣል። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት አየሩ መግቢያና መውጫ እንዳለው እዩ።

ግድግዳ ላይ ያለው ኤሲ የክፍሉን አየር ከላይ ይስባል፣ በውስጡ ባሉት ቱቦዎች መሀል አሳልፎ በታች ይለቀዋል። ፊልተሩ በአቧራ ከተደፈነ ማሽኑ አፍንጫውን በጋቢ ሸፍኖ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ይሆናል። ሲያቀዘቅዝ ውስጡ በረዶ ይሠራል፣ በረዶው ሲቀልጥም ውሃው በግድግዳው ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ሲያሞቅ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ክፍሉ መውጣት አቅቶት ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ ይጨነቃል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ እንግዳው ግን ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ እንዳለ ያድራል። የእኛ ከተማ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከጅቡቲው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በአቧራ የምናባክነው ትርፍ አየር የለንም ማለት ነው።

ፊልተር ማጽዳት ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። የፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ወንፊት የሚመስለውን አውጡ፣ አቧራውን አራግፉ፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥቡን እንዳትመልሱት። በበጋ፣ በተለይ ኮረኮንች መንገድ ወይም ግንባታ አጠገብ ከሆናችሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ማየት ይገባል።

ክፍሉንም እዩት። ቁምሳጥኑ ኤሲው ፊት ተገትሮ፣ መጋረጃው እስከ ኮርኒስ ወጥቶ መተንፈሻውን ሸፍኖት ይገኛል። አንሱት። ሲያሞቅ የአየሩን መውጫ ወደ ታች አዙሩ፣ ሙቅ አየር በራሱ ወደ ላይ ይወጣልና። ሲያቀዘቅዝ ወደ ላይ።

ከቤት ውጪ የሚቀመጠው የኤሲው ማሽን ነገር በጣም ያሳስበኛል። ሌባ እንዳይወስደው ተብሎ በላሜራ ዙሪያውን ይታሸጋል። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ግን ያ ማሽን አየር ስቦ አየር ካልተፋ አይሠራም። አየር በሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ አጥሩት፣ ፊቱን ክፍት ተዉት፣ ልብስም አታስጡበት።

አሁን የምናገረውን ግን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ ያዙልኝ። ይህ ዓይነቱ ኤሲ በአብዛኛው ንጹሕ አየር ከውጭ አያስገባም። ያንኑ የክፍሉን አየር ነው የሚያዞረው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ፣ ወይ ኤሲው አልሞቅ ብሎ፣ የቡና ከሰል ከነማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ሰው ይገድላል። ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ቀርቷል ብላችሁ አትመኑ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፣ የተኛ ሰው ግን ይህንንም ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። እንግዳ በርዶኛል ካለ ብርድ ልብስ ስጡት። ከሰል በፍጹም! ሠራተኞቻችሁም ዛሬውኑ ይስሙት።

ክፍል ሲጸዳ ማሽኑን አጥፉና መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ያደረው አየር ይውጣ።

በሉ፣ ወሬው ይበቃል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለውን ኤሲ ብሬከሩን አጥፍተነዋል፣ መሰላልም ቀርቧል። ክፍል የምታሰናዱ እህቶች ወደ ፊት ቅረቡ፣ ፊልተሩን እናንተው ናችሁ የምታወጡት።