ሁለት ፎልደር፣ አንድ ቤት፦ የሊኑክስ ከርነል እንዴት ዕቃውን አዛወረ?

[ስክሪኑ ላይ፦ ሁለት ፎልደሮች ጎን ለጎን፣ «አይ386» እና «ኤክስ86_64»]

እነዚህን ሁለት ፎልደሮች ተመልከቷቸው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2007 ነው። ያለነው ሊኑክስ ከርነል ውስጥ፣ ማለትም ከሃርድዌሩ ጋር በቀጥታ በሚነጋገረው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ነው። ግራው ለ32 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች፣ ቀኙ ለ64 ቢቶቹ።

ቀኙ የተጀመረው ከግራው ተቀድቶ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ፋይሎች መንታ ናቸው። ግራ ላይ አንድ ስህተት ይታረማል፣ ቀኝ ያለው መንታው ይረሳል። ይባስ ብሎ የ64ቱ ፎልደር አንዳንድ ፋይሎችን ከ32ቱ ይዋስ ነበር። ግራውን የነካካ ሰው፣ ሳያስበው ቀኙን ሰብሮ ያድራል።

የከርነሉ ፕሮግራመሮች ቶማስ ግላይክስነርና ኢንጎ ሞልናር አንድ እናድርጋቸው አሉ። የ64 ቢቱን ክፍል ይመራ የነበረው አንዲ ክሊን አልተዋጠለትም። የ32ቱ ኮድ የአሮጌ ማሽኖችን ጣጣ ተሸክሟል፣ 64ቱን ለምን እናሸክመዋለን ባይ ነው። እውነት ለመናገር ክርክሩ ውኃ ያነሣል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ግን ውህደቱን ደገፈ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ፋይሎች «ኤክስ86» ወደሚባል አዲስ ፎልደር ይገባሉ]

ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው። ፋይሎቹን አዛወሯቸው እንጂ አላዋሃዷቸውም። «ትራፕስ» የሚባለውን ፋይል እንውሰድ። ከግራ የመጣው «ትራፕስ_32»፣ ከቀኝ የመጣው «ትራፕስ_64» ተባለ። ለድግስ ከየጎረቤቱ የተዋሱት ድስት እንዳይምታታ ምልክት ይደረግበት የለ? እንደዚያው ነው።

ለምን? ቦታውንም ይዘቱንም በአንድ ላይ ከቀየራችሁ፣ ነገ አንድ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል ጥፋቱ ከየትኛው እንደመጣ አታውቁም። ሌላው ምክንያት ጊት ነው፤ የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ፕሮግራም። ጊት «ይህ ፋይል ስሙ ተቀየረ» ብሎ አይመዘግብም። የድሮውንና የአዲሱን ይዘት አስተያይቶ ይገምታል እንጂ። ውስጡ ካልተነካ ወዲያው ይለየዋል። እያዛወራችሁ ብዙ ከቀየራችሁት ግን ታሪኩ ይበጠሳል፤ ያቺን መስመር ማን፣ ለምን እንደጻፋት ፍለጋ ትንከራተታላችሁ።

ዝውውሩ በእጅ ሳይሆን በስክሪፕት፣ ማለትም ሥራውን በራሱ በሚጨርስ አጭር ፕሮግራም ነው የተሠራው። ያም ሆኖ ገና ወደ ከርነሉ ያልገባ ሥራ በእጁ የያዘ ፕሮግራመር ሁሉ የፋይሎቹ አድራሻ ጠፋበት። ሕመሙ በየሳምንቱ ከሚመላለስ አንድ ጊዜ አሞ ቢለቅ ይሻላል።

አዲሱን ፎልደር ይዞ የወጣው የከርነሉ ቨርዥን 2.6.24 ነው፣ ጃንዋሪ 2008። መንታዎቹን ማዋሃድ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ቀጠለ። ሁለቱ «ትራፕስ»ም ቆይተው አንድ ፋይል ሆኑ።

[ስክሪኑ ላይ፦ «ኢንትሪ_32» እና «ኢንትሪ_64»]

እነዚህ ሁለቱ ግን ዛሬም አልተዋሃዱም። ፕሮግራም ወደ ከርነሉ የሚገባበት በር ናቸው። 32 ቢትና 64 ቢት ፕሮሰሰር በዚያ በር የሚገቡበት መንገድ የምር ይለያያል።