ራሔል አገሯ ከገባች በኋላ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ፊልም ነው። «ቅፍርናሆም» ይባላል። ሊባኖሳዊቷ ናዲን ላባኪ ያዘጋጀችው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳይ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዘይን ነው። «ለምን ወለዳችሁኝ» ብሎ እናት አባቱን ቤይሩት ላይ ስለከሰሰው ልጅ። ልክ ነው፣ አንጀት ይበላል። እኔ ግን እዚህ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ሳየው ዓይኔ ከራሔል አልነቀል አለ። ኢትዮጵያዊት ናት። የምትኖረው በፎርጅድ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ስሟ ትዕግሥት ነው። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ከዚያ ቤት ጠፍታ ከወጣች ሕገ ወጥ ትባላለች።

ራሔል የጽዳት ሥራ አላት። ልጇን ዮናስን ደብቃ ታስገባና ሽንት ቤት ውስጥ ትሸሽገዋለች። እዚያው በሩን ዘግታ ታጠባዋለች። አብራኝ ያየችው ጎረቤቴ ቤይሩት ሠርታ የመጣች ልጅ ናት። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር። በሩ ሲዘጋ ግን «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ እንጂ!» እያለች ጉልበቴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ፊልሙ እንባ ይጨምቃል የሚሉ አሉ። ሙዚቃው አንዳንዴ ይበዛል፣ እስማማለሁ። ግን ራሔልን ሆና የተወነችው ዮርዳኖስ ሽፈራው ራሷ በቀረጻው መሃል በወረቀት ምክንያት ታስራ ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ተጋነነ» ለማለት አፌ አይደፍርም።

ቅር ያለኝ መጨረሻው ነው። ራሔል ከልጇ ጋር ተገናኝታ ወደ አገሯ ትሸኛለች። ፊልሙ እዚያ ላይ እፎይ ይላል። ጎረቤቴ ግን «ከዚያስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚህ ሻንጣዋን የሚጠብቅ ዘመድ አለ። «አባቱ ማን ነው?» የሚል ሰፈር አለ። የላከችው ብር ብዙ ጊዜ የወንድም ባጃጅ ወይም የቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት ሆኖ ነው የሚጠብቃት፤ በስሟ የተቀመጠ ነገር የለም። ጣና ዳር ቡና ከሚያፈሉት መሃል ዓረብ አገር የቆየች አታጡም። ቡናውን ጠጥተን፣ ሒሳብ ከፍለን እንነሣለን። እንዴት ከረምሽ፣ እንዴት ገባሽ ብሎ የሚጠይቃት ስንቱ ነው?

ራሔል ቦሌ ከወረደች በኋላ ያለውን ፊልም ማየት እፈልጋለሁ። እዚህ ከተማ የምትጽፉ ልጆች፣ እባካችሁ ጀምሩት። የተሠራ ካለም ጠቁሙኝ፤ ከጎረቤቴ ጋር እናየዋለን።