በሩን ነው የምትስለው ወይስ የሚገባውን ሰውዬ?

እሷ፦ ዛሬ ሰላምታ አናበዛም፣ ቀጥታ እንግባ። አንዲት አድማጫችን ጽፋልናለች። አርት ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ኮንሰፕት አርቲስት ወይም ስቶሪቦርድ አርቲስት መሆን ትፈልጋለች። ቅጹ ላይ ግን ኢለስትሬሽን አለ፣ ማለት የመጽሐፍና የመጽሔት ስዕል፤ አኒሜሽን አለ፤ ጌም አርት አለ፣ የቪዲዮ ጌም ስዕል፤ ፋይን አርት አለ፣ ሥዕልና ቅርፃ ቅርፅ፤ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን አለ፣ የፋብሪካ ዕቃ መንደፍ። «የቱን ልሙላ?» ነው የምትለው።

እሱ፦ እኔ መጀመሪያ «ወይም» ያለቻት ቃል ላይ ነው የምይዛት። ሁለቱ አንድ ሥራ አይደሉም እኮ! ሰው ሁሉ «ለፊልም መሳል» ብሎ አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል።

እሷ፦ እስቲ ለያያቸው።

እሱ፦ ኮንሰፕት አርት ገና የሌለን ነገር ሌላ ሰው ሊሠራው በሚችልበት መንገድ መንደፍ ነው። ስዕልሽ የመጨረሻው ዕቃ አይደለም። ካንቺ ቀጥሎ ሞዴሉን በኮምፒውተር የሚሠራው ልጅ ስዕሉን ከፍቶ «ይሄ ቀበቶ ከኋላ በምንድን ነው የሚዘጋው?» ይልሻል። መልስ ከሌለሽ አልነደፍሽም፣ አሳምረሻል እንጂ። ስቶሪቦርድ ደግሞ ፊልሙን ካሜራ ሳይነሳ ወረቀት ላይ መቅረፅ ነው። ካሜራው የት ቆመ፣ ማን በማን በኩል ነው፣ መቼ ነው የሚቆረጠው። እዚያ ላይ ሦስት ሰዓት ፈጅተሽ ቆንጆ ጥላ ብታስገቢ ማንም አያይልሽም፣ ነገ ጠዋት ፓነሉ ራሱ፣ ያቺ አንዷ የስዕል ሳጥን፣ ልትጣል ትችላለች።

እሷ፦ የስቶሪቦርድ አጀማመሩም እሱ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ዛሬ የምንጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ ዲዝኒ ስቱዲዮ ውስጥ ስዕሎቹን ግድግዳ ላይ በስፒል መሰካት ጀመሩ። ለምን? አንዱን ነቅሎ ሌላ ለመተካት እንዲመች። ገና ሲፈጠር ለመጣል ነው የተፈጠረው።

እሱ፦ ስለዚህ ስዕሉ ሲጣልበት ሆዱ የሚባባ ሰው እዚያ ቤት ይከብደዋል።

እሷ፦ ኧረ ይታመማል! እኔ ለዚህች ልጅ አንዲት ሙከራ አለችኝ። ተማሪ እያለሁ ከጓደኛዬ ጋር የሞከርናት ናት። አንድ ዓረፍተ ነገር ያዢ፦ «ሰውዬው ማታ ቤቱ ሲደርስ በሩ ተከፍቶ አገኘው።» አንድ ሰዓት ሳዪ፣ ሌላ ምንም ትእዛዝ የለም። ጓደኛዬ ወረቀቱን በሙሉ በበሩ ሞላው። ማጠፊያው፣ የተሰበረው ቁልፍ፣ የእንጨቱ የታችኛው ጫፍ በዝናብ አብጦ እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ በዚያ ላይ ሦስት ዓይነት የቁልፍ አማራጭ። ሰውዬው የትም የለም!

እሱ፦ ያንቺስ?

እሷ፦ ዘጠኝ ትንንሽ ሳጥን። ቁልፍ የያዘ እጅ፣ እጁ ሲቆም፣ በስንጥቁ የሚወጣ ብርሃን፣ ከጀርባ የሚታይ ጭንቅላት። በሬ አራት መስመር ብቻ ነበር።

እሱ፦ ይሄን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው ልጅ ይጠንቀቅ፣ ቀንድ ያለው በሬ እንዳይመስላቸው።

እሷ፦ (ሳቅ) የቤቱ በር! እና ያን ቀን ነው የገባኝ። እሱ ዲዛይነር ነው፣ እኔ ደግሞ ነገር ተራኪ ነኝ። ሁለታችንም ግን አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ትምህርት እየተማርን ነበር።

እሱ፦ እንግዲህ በሩን የምትስል ከሆነ ኢንዱስትሪያል ዲዛይንን አትናቂው ነው የምለው። ሰው ወንበርና ማንቆርቆሪያ ብቻ ይመስለዋል። ዲዛይነሩ ሲድ ሚድ ካሊፎርኒያ ያለው የዲዛይን ትምህርት ቤት አርት ሴንተር ተምሮ በ1959 ሲመረቅ የገባው ፎርድ ነው፣ የመኪና ኩባንያ። በ1982 ለወጣው «ብሌድ ራነር» ፊልም ተሽከርካሪዎቹንና ከተማውን የነደፈው እሱ ነው። ራልፍ ማክዋሪም «ስታር ዋርስ»ን ከመሳሉ በፊት ቦይንግ ውስጥ የቴክኒክ ሥዕል ሠርቷል። ዕቃ እንዴት እንደሚገጣጠም የሚያውቅ ሰው የሌለ ዕቃ ሲስል ታምኚዋለሽ። ዛሬ አርት ሴንተር ራሱ ኢንተርቴይንመንት ዲዛይን የሚባል ዲፓርትመንት አለው።

እሷ፦ ሳጥኖቹን የምትስል ከሆነ ደግሞ አኒሜሽን ወይም ፊልም። ካልአርትስ በሚባለው የካሊፎርኒያ አርት ትምህርት ቤት ውስጥ በ1975 የተጀመረው የካራክተር አኒሜሽን ፕሮግራም የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ተማሪው በየዓመቱ የራሱን አጭር ፊልም ስለሚሠራ ነው። ፊልም ስትሠሪ ቦርድ አለ፣ ከዚያ ቦርዱን ከድምፅ ጋር በጊዜ የምታስኬጂበት አኒማቲክ አለ። የሳቅሽበት ቀልድ አኒማቲኩ ላይ ሲሞት ታዪዋለሽ። ያንን ከመጽሐፍ አትማሪውም።

እሱ፦ ጌም አርት ላይ ግን ቁስል አለብኝ።

እሷ፦ መጣ!

እሱ፦ አይ፣ ልናገር! እኔ የገባሁበት ዲፓርትመንት ስሙ ልብ ይሰርቃል። ከአራቱ ዓመት ሁለቱን የሶፍትዌር ቁልፍ ስጫን ነው የጨረስኩት። ስመረቅ ያመለከትኩበት ቦታ የሚጠቀመው ሌላ ፕሮግራም ሆኖ አረፈው። እሱ እንኳን ይሁን፣ በሁለት ወር ይለመዳል። ፖርትፎሊዮዬን፣ የሥራዎቼን ስብስብ፣ የምታየው ሴትዮ ግን ዝም ብላ ገልጣ ገልጣ «እነዚህ ሰዎች ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው የከተቱት በርዷቸው ነው?» አለችኝ።

እሷ፦ (ሳቅ) ወይኔ!

እሱ፦ እጅ መሳል አልችልማ! ሁሉንም ኪስ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። አንዱን ደግሞ ካባ አልብሼዋለሁ።

እሷ፦ ሁሉም ጌም አርት እንደዚያ ነው ማለት ግን አይደለም። ጥሩ የሚያስተምሩ አሉ።

እሱ፦ አሉ፣ አልካድኩም። ለዚህ ነው ስሙን ተዪውና የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመቱን የኮርስ ዝርዝር ጠይቂ የምላት። በሳምንት ስንት ሰዓት ሕያው ሞዴል ይሳላል? ፐርስፔክቲቭ፣ ማለት ቅርብና ሩቁን ወረቀት ላይ ማሳየት፣ ራሱን የቻለ ኮርስ ነው ወይስ ሁለት ሳምንት ነክተውት ያልፋሉ? ከዚያ የተመራቂዎቹን ሥራ እዪ፣ የአንዱን ኮከብ ተማሪ ሳይሆን የመካከለኛውን። ብሮሹር ላይ የሚወጣው ልጅ ሲገባም ጎበዝ ነበር።

እሷ፦ የሁሉም ሥራ ከአንድ እጅ የወጣ ከመሰለም ጥርጥር ይግባሽ። ከሌላ ዲፓርትመንት ኮርስ መውሰድ ይፈቀድ እንደሆነም ጠይቂ። ይቺ ጥያቄ ለእኔ ከሁሉ ትበልጣለች። ኢለስትሬሽን ገብተሽ ከፊልም ክፍል ኤዲቲንግ መውሰድ ከቻልሽ፣ ከብዙ «ስቶሪቦርድ» የሚል ስም ካለው ዲፓርትመንት የተሻለ ትማሪያለሽ።

እሱ፦ ገና ላልወሰነች ልጅ ኢለስትሬሽን ነዋ?

እሷ፦ አዎ፣ ብዙ ያስስልሻል፣ አይጎዳሽም። አንድ ቆንጆ ስዕል ላይ ሙጭጭ ማለት ግን ያስለምድሻል። እዚህ ሥራ ላይ ያንኑ ሰው ከፊት፣ ከጎን፣ ከጀርባ፣ እየሮጠ፣ እያለቀሰ መሳል አለብሽ፣ በሁሉም ያው ሰው መሆን አለበት። ያንን ትምህርት ቤቱ ካላዘዘሽ ራስሽን እዘዢ።

እሱ፦ ፋይን አርትስ?

እሷ፦ ዓይን ይሰጥሻል። በሌላ ሰው ሐሳብና በሌላ ሰው ቀነ ገደብ መሥራትን ግን ብዙ ጊዜ አይሰጥሽም፣ እና ሥራው እሱ ነው። ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር ኩሮሳዋ ወጣት እያለ ሠዓሊ መሆን ነበር የሚፈልገው፣ በ1985 ለወጣው «ራን» ቦርዶቹን በቀለም ስሏቸዋል። እሱ ግን ዳይሬክተሩ ራሱ ነው፣ ማን ይጥልበታል!

እሱ፦ ስለ ዲግሪው አንድ ነገር ብቻ። ስቱዲዮ ሲቀጥርሽ የሚያየው ፖርትፎሊዮ ነው። ዲግሪው ይበልጥ የሚጠየቀው ሌላ አገር ለመሥራት ፈቃድ ስታመለክቺ ነው። ስለዚህ ከባድ ብድር ውስጥ ገብቶ ለስም መማር… እኔ አላደርገውም።

እሷ፦ ፖርትፎሊዮውንም አታደባልቂው። የኮንሰፕት አንድ፣ የስቶሪቦርድ ሌላ። ቦርድ ለሚፈልግ ሰው አሥር የሰይፍ ዲዛይን ብታሳዪው ጊዜውን በላሽበት።

እሱ፦ እና ቅጹ ላይ ምን ትሙላ?

እሷ፦ ቅጹን ለአንድ ቀን ታቆየውና መጀመሪያ ያቺን በር ትሳላት። አንድ ሰዓት። ከዚያ ትላክልን፣ እናያለን።

እሱ፦ እጅ ኪስ ውስጥ መክተት ክልክል ነው።